ርእሱ ስለተነሣው ፖስተር የቀረበ ምስጋና

ለሐይቅ ዳርቻ ልማት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤና፣ ለቤትዎ ሰላም፣ ለወንበርዎም ጽናት እመኛለሁ። ወገብዎን እንዴት አድርጎታል? ለመጨረሻ ጊዜ ቢሮዎ የገባሁ ዕለት፣ ሕመሙ ከብዙ መቀመጥ የመጣ መሆኑን ሐኪም እንደነገረዎ ሲያጫውቱኝ ከልቤ አዝኜ ነበር። ተቀምጦ ሕዝብ ማገልገል ምን ያህል እንደሚያደክም ደጅ ቆመን የምንጠብቅ ሰዎች ቶሎ አይገባንም።

ስሜ ኢቲሳም ሰዑድ ነው። የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ ደሴ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ጋዜጠኝነት ተምሬ ዘንድሮ እመረቃለሁ። በስም ባያስታውሱኝም «ጋዜጣዋን ታቅፋ የምትመላለሰው ልጅ» ቢባሉ አይጠፋዎትም። ዘጠኝ ጊዜ ደጅ ጠንቼ፣ በዘጠነኛው ማኅተም አግኝቼ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ኮሌጃችን የመመረቂያ ሥራውን ያስረከበ ተማሪ ሁሉ «የራስ ግምገማ» የሚባል ጽሑፍ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ምን አስበሽ ጀመርሽ፣ ምን ተማርሽ፣ ዳግመኛ ብትሠሪው ምኑን ትለውጫለሽ የሚል ነው። እኔም ስለ ፊደል ቅርጽ፣ ስለ ዓምድ ስፋትና ስለ ባዶ ቦታ ጥቅም አራት ገጽ ጽፌ አስረከብኩ። መምህሬ ወደዱት። ነገር ግን በአራቱ ገጽ ውስጥ አንዲት መስመር እውነት ስለሌለች ሆዴ አልችል አለና፣ እውነተኛውን ግምገማ ለእርስዎ ላቀርብ ወሰንኩ። ሥራውን አብረን ነው የሠራነው፤ ምስጋናውን ብቻዬን ብወስደው ነውር ይሆንብኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። የሠራሁት ስምንት ገጽ ያላት፣ «ዳርቻ» የምትባል ጋዜጣ ነው። መጠኗ ታብሎይድ የሚሉት ነው፤ የትልቁ ጋዜጣ ግማሽ፣ ባጃጅ ውስጥ የጎን ሰው አፍንጫ ሳይነኩ ገልጦ ለማንበብ የምትመች። ከእርሷ ጋር አብረው የሚወጡ አንድ ፖስተርና አንድ በራሪ ወረቀት ነበሩ። የሦስቱም ጉዳይ አንድ ነበር፤ ሾላ ሥር።

ስለ ሾላ ሥር ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ግን ለሌላው አንባቢ ልናገር። ሾላ ሥር ሐይቁ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ በታች ያለች፣ መሬቷ ጠጠር የሆነች፣ ሃያ አራት ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን የሚያስጠጉባት ቦታ ናት። ሌላው ዳር ወይ ደንገል ነው ወይ ጭቃ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ይህችን ቦታ አጥሮ ለሎጅ ሊሰጣት አሰበ። ከመስጠቱ በፊት ሕዝቡን ማወያየት ግዴታ ነበረበትና ለማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስብሰባ ቀጠረ። ሃያ አራቱም አጥማጆች ቤተሰባቸውን የሚያበሉት ከዚያች ጠጠር ላይ ተነሥተው ስለሆነ፣ በስብሰባው ላይ የሚናገርላቸው ሰው መረጡ። የመረጡት አያ ኑርዬን ነው። አያ ኑርዬ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት በዚህ ሐይቅ ላይ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል። ሲናገሩ ቀስ ብለው ነው፤ ሆኖም ንግግራቸውን የሚያቋርጥ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ስለዚህ ፖስተሬን በእርሳቸው ላይ ሠራሁት። ከላይ በትልቅ ፊደል «ሾላ ሥር ለማን ሊሰጥ ነው?» የሚል ርእስ ነበረው። ከርእሱ ሥር የአያ ኑርዬ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር ስማቸውና ዕድሜያቸው፣ ከሁሉ በታች ደግሞ «ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በሚደረገው የሕዝብ ስብሰባ ተገኝተን እንጠይቅ» የሚል ነበር። ደሴ ያለው ማተሚያ ቤት ያለ ጽሕፈት ቤቱ ማኅተም አላትምም ስላለኝ ወደ እርስዎ መጣሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ምስጋና ነው።

1ኛ. ርእሱን ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ። መነጽርዎን ወደ ግንባርዎ ገፋ አድርገው፣ በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ሰርዘው፣ «የጥያቄ ምልክት ሰው ያነሣሣል» አሉኝ። በኮሌጅ አራት ዓመት ስማር ርእስ የገጹ ዋና ነገር ነው፣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው እየተባልኩ ነበር። እርስዎ ግን ርእስ ባይኖርም ዓይን የሚያርፍበት እንደማያጣ በአንድ መስመር አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ልክ እንደነበሩ መስክሯል።

2ኛ. «በሚደረገው የሕዝብ ስብሰባ» የሚለውንና ተከታዮቹን ስለሰረዙልኝ አመሰግናለሁ። ስብሰባ የሚያስታውቀው ጽሕፈት ቤቱ በራሱ መንገድ መሆኑን አስረድተውኛል። የራሱ መንገድ ምን እንደሆነ ስወጣ አየሁት፤ ማስታወቂያው በቢሮው ኮሪደር ላይ፣ ከመግቢያው በር ጀርባ ተለጥፏል። በሩ ሲከፈት ይሸፈናል፣ ሲዘጋ ደግሞ የሚያነበው ሰው ውጭ ነው። ብቻ ቀዩ እስክሪብቶዎ ቸኩሎ ኖሮ ቀኑንና ሰዓቱን አልነካቸውም። እኔም የታዘዘችውን የምትሠራ ልጅ ነኝና የተሰረዘውን አወጣሁ፣ ያልተሰረዘውን አስቀረሁ።

3ኛ. ከላይ የቀረውን ባዶ ቦታ ራስዎ ስለሞሉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «መንግሥት ወቃሽ ብቻ ሳይሆን አመስጋኝም መሆኑ ይታይ» ብለው በገዛ እጅዎ የጻፉት ይህ ነበር፦ «ላለፉት አርባ ዓመታት ሐይቃችንን በቅንነት ላገለገሉት ለአቶ ኑርዬ፣ ጽሕፈት ቤታችን የላቀ ምስጋናውን ያቀርባል።» ከዚያ ማኅተሙን መቱበት። ክብ፣ ሰማያዊ፣ ደማቅ ማኅተም።

እዚህ ላይ የእኔንም ድርሻ ካልተናገርኩ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆንብኛል። በፎቶው ዙሪያ ወፍራም ጥቁር መስመር ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ዓይን እንዳይባክን ፎቶን እጠሩት ተብለን ነበር። ፎቶውን በጥቁርና ነጭ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ የአያ ኑርዬን የፊት መስመር አጉልቶ ያሳያል ብዬ። ርእሱን ሲሰርዙ «እሺ» ያልኩትም እኔ ነኝ። አልተከራከርኩም። ሥራው የሚቀርበው በማግስቱ ስለነበር፣ ማኅተም ማግኘቴን እንጂ ማኅተሙ ምን ላይ እንዳረፈ አላየሁም። ይህን እዚህ የጻፍኩት ለጨዋነት አይደለም፣ ስለሚያቃጥለኝ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አርባ ፖስተር ከመናኸሪያው ጀምሬ በደሴ ወልዲያ መንገድ ባሉት የመብራት ግንዶች ላይ ለጠፍኩ። ሲያልቅ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሥራዬን ላስረክብ ደሴ ሄድኩ። ማክሰኞ ጠዋት ፈታኞች ፊት ቆሜ ሥራዬን ሳስረዳ ስልኬ ተዘግቶ ነበር።

አሁን የምነግርዎትን በከፊል ያውቁታል። በእኛ ከተማ ፎቶው ግንድ ላይ የሚለጠፍ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ለምርጫ የቀረበ ነው ወይ ያረፈ ነው። አያ ኑርዬ ለምርጫ እንዳልቀረቡ ሁሉም ያውቃል። ጥቁር ፍሬም፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ላገለገሉት የሚል ምስጋና፣ የመንግሥት ማኅተም፣ ከሥሩም ቀንና ሰዓት። እኔ ራሴ መንገደኛ ብሆን ኖሮ «ኢናሊላሂ» ብዬ ነበር የማልፈው።

መጀመሪያ ያዩት ጋሽ ወልዴ ናቸው። ጋሽ ወልዴ የቅሬያችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ የእኛ ደግሞ የእስላሙም የክርስቲያኑም አንድ ነው። እሳቸው ክርስቲያን ይሁኑ እንጂ ለሁላችንም ሙት ሲያስለቅሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ማለዳ ለሥራ ሲወጡ ግንዱ ላይ ወዳጃቸውን አዩ። ሞት ሲሰማ እውነት ነው ወይ ብሎ ማጣራት ደግሞ በእኛ ዘንድ ክፉ መመኘት ነው። ጋሽ ወልዴ አላጣሩም፤ ጡሩምባቸውን ይዘው ወጡ።

አያ ኑርዬ ከቅዳሜ ጀምሮ ጎረቤታችን በሆነው በአርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ በእህታቸው ልጅ ዘንድ መረብ ሲጠግኑ ነበር። ስልካቸው ሐይቅ ውስጥ ከወደቀ ወር አልፎታል። ባለቤታቸው እትዬ ራህመት ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላ አዘቅዝቆ ወደ ግቢያቸው ሲገባ ሲያዩ፣ ባሌ በሰው አገር ሞቶ ሊያረዱኝ መጡ ብለው ወደቁ። እሳቸው ሰው መጣ ብለው አለቀሱ፤ ሰው ደግሞ እሳቸው አለቀሱ ብሎ አመነ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል?

ለቅሶ ሲጠራ የቅሬው ሰው ሁሉ እጁ ላይ ያለውን ሥራ ጥሎ ይነሣል። ሐይቅ ላይ ያለ ጀልባውን መልሶ ይወጣል። ይህ ሕጋችን ነው፣ የሚያኮራንም እርሱ ነው። ሃያ ሦስቱም አጥማጆች ቃሬዛ ተሸክመው፣ ከሌላው ወንድ ጋር ስድሳ ያህል ሆነው፣ ጀናዛውን ሊያመጡ ወደ አርዲቦ ገሠገሡ። ለዚያ ሁሉ ዘመን አብሯቸው ላጠመደ ሰው ይህን ባያደርጉ ኖሮ ሰው አይሆኑም ነበር።

4ኛ. ለቅሶ ስለደረሱልን አመሰግናለሁ። ይህን በስላቅ አላልፈውም ነበር፣ ግን እስከ መጨረሻው ይስሙኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሦስት ሠራተኞችዎ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ገብተው፣ እትዬ ራህመትን «አላህ ይዘንላቸው፣ አብሽሩ» ብለው አጽናንተዋል። ወንዶቹ የት እንደሄዱ ጠይቀው፣ ጀናዛ ሊያመጡ አርዲቦ እንደሄዱና እስከ ቀትር እንደማይመለሱ ተነግሮዎታል። ይህን የነገርዎት የሰፈራችን ሰው ሙስዓብ ነው፤ ሰዓትዎን አይተው አንገትዎን እንደነቀነቁ ያስታውሳል። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ፤ በ3 ሰዓት ስብሰባውን ከፈቱ።

ቃለ ጉባኤውን አንብቤዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው። በስብሰባው የተገኙት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፦ አምስቱ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች፣ ሦስቱ ሎጁን የሚሠሩት ሰዎች፣ ሁለቱ ወንበር ያመጡት፣ አንዱ የበር ጥበቃ። ተራ ቁጥር አንድ፦ «በዛሬው ዕለት በሞት ለተለዩን ለአቶ ኑርዬ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ተደርጓል።» ተራ ቁጥር ሁለት፦ «ከዓሣ አጥማጆች ወገን የቀረበ ተቃውሞ ባለመኖሩ፣ ቦታው ለሎጅ እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ስብሰባው የተጠናቀቀው በ3 ሰዓት ከ20 ነው። ሰዎቹ የት እንዳሉ ያውቁ ነበር፣ ክቡር ሆይ። ሊያለቅሱ መሄዳቸውን እያወቁ፣ አልመጡም ብለው አጸደቁባቸው። በዚህ ዓይነት ለሟቹ መጸለይዎ ሳይቀር ያሳፍራል።

በዚያው ሰዓት አርዲቦ መንገድ ላይ የሆነውን ጋሽ ወልዴ ነግረውኛል። አያ ኑርዬ ለስብሰባው ሊደርሱ ማልደው ተነሥተው፣ መረባቸውን በትከሻቸው አድርገው እየመጡ ነበር። ስድሳ ሰው ቃሬዛ ይዞ እያለቀሰ ሲመጣባቸው ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም፤ በእኛ አገር መጀመሪያ ይለቀሳል፣ የሚጠየቀው ኋላ ነው። መረባቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። ፊት የነበሩት በድንጋጤ ደርቀው ቀሩ፣ ኋላ ያሉት ግን ምንም ስላላዩ ለቅሶውን ቀጠሉ። እንዲህ ሆኖ አያ ኑርዬ ለራሳቸው ሞት ከአንጀታቸው አለቀሱ። እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ «ያ ረቢ! ማን ነው የተለየን?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ወልዴ፣ «አያ ኑርዬ፣ ሐቁን ልንገርዎት፤ እርስዎ ነዎት» አሉ። አያ ኑርዬ ሰዉን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። ሃያ ሦስቱም አጥማጆች እዚያው አሉ። «ታዲያ ስብሰባው ላይ ማን ቀረ?» አሉ።

የቀረ አልነበረም። ስልክ ያለው ሁሉ ለእትዬ ራህመት ደወለ፤ ስለ ስብሰባው የደወለ የለም፣ የሰው ነገር ነው። ሮጠው ከተማ ሲደርሱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ አዳራሹ እየተጠረገ ነበር።

ቀትር ላይ ልጃቸው ሀዲያ ካገባችበት ከውጫሌ መጣች። ከዚያ እስከ ሐይቅ ድረስ በሚኒባስ ውስጥ ደረቷን ስትመታ የመጣች ሴት፣ ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ አባቷን ለራሳቸው ለቅሶ የተቀቀለውን ንፍሮ ሲቆረጥሙ አገኘቻቸው። እኔም ከደሴ የደረስኩት ያን ጊዜ ነው። ሀዲያ አባቷን አቅፋ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። «አብሽሪ፣ ኢቲሳም» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

የፈታኞቼን ውሳኔ ሊሰሙ ይወዱ ይሆናል። ሥራችን «ኤ» አግኝቷል። አንደኛው ፈታኝ ስለ ፖስተሩ የጻፉት «ሕዝብን በአንድ እይታ የማንቀሳቀስ አቅም አለው» የሚል ነው። ከዚህ የበለጠ እውነት ተጽፎ አያውቅም። ስድሳ ሰው በአንድ ጠዋት ከሐይቁ አንሥቶ ወደ አርዲቦ የሰደደ ተማሪ ከእኔ በፊት የኮሌጁ መዝገብ አያውቅም።

5ኛ. ይህ ምስጋና ስለ ዝርዝሩ ነው። አጥማጆቹ ስብሰባው ይደገምልን ብለው አመለከቱ፤ ቃለ ጉባኤው ስለተፈረመ አይደገምም አሏቸው። በምትኩ ረግረጉ ጫፍ ላይ፣ ጀልባ ሲገፋ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበትን ቦታ ለሃያ ሦስት ሰዎች ሰጡ። ሃያ አራተኛው፣ አያ ኑርዬ፣ «በሞት ምክንያት ከዝርዝሩ ወጥተዋል» ተብሏል። ማስረጃው አባሪ አንድ ነው። አባሪ አንድን ገልጬ አየሁት፤ ፖስተሬ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁት ነገር በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ገባ።

አያ ኑርዬ ራሳቸው ቀርበው ይኸው አለሁ አሉ። ጸሐፊዎ መዝገቡን አየት አድርጋ፣ ሟች በአካል ቀርቦ ማመልከት እንደማይችል በትሕትና ነገረቻቸው። የሕይወት ማስረጃ ከቀበሌ ያምጡ ተባሉ። ቀበሌው ደግሞ እኛ ሞተዋል ብለን አልመዘገብንም፣ ያልመዘገብነውን ሞት አንሰርዝም አለ። ይህም እውነት ነው፤ ቀበሌውን ልወቅስ አልችልም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንዱ በር ወደ አንዱ በር ሲመላለሱ፣ በእርስዎ በር ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ቆመዋል። ለሞታቸው አንድ ደቂቃ ቆመው የጸለዩላቸው ሰው፣ በሕይወት ሲመጡ አንድ ደቂቃ ቁጭ ብለው ሊያናግሯቸው ጊዜ አላገኙም። ወገብዎ ስለሚያምዎ ይሆናል።

6ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ቁጥር አልችልም። ምስጋናውም እያለቀብኝ ነው።

ስለዚህ ያለ ቁጥር ልናገር። ስብሰባው ይደገም። ሃያ አራቱም ሰዎች ባሉበት፣ አያ ኑርዬ ቀስ ብለው እየተናገሩ፣ እርስዎም ፊት ለፊት ተቀምጠው እየሰሙ ይደገም። ከዚያ በኋላ ሾላ ሥርን ለሎጅ እንሰጣለን ካሉ ይስጡ፤ ቢያንስ ሰው ፊት ያድርጉት። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። ሾላ ሥር የሞተችው ግን ባለቤቶቿ ሌላ ሰው ሊቀብሩ በወጡበት ሰዓት ነው። ይህን ለማረም ጥያቄ ማንሣት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ርእሱን አሁን እኔው መልሼዋለሁ። ጋዜጣዋን በፎቶ ኮፒ አባዝቼ፣ ያለ ማኅተም፣ ከትናንት ጀምሮ እያደልኩ ነው፤ ይህን ደብዳቤም እጨምርበታለሁ። ለዚህ የሚመጣብኝን እጠብቃለሁ። ኮሌጁም ዲፕሎማዬን ሊያቆይብኝ እንደሚችል በትሕትና አሳውቆኛል። ያቆየው። ለአንድ ማኅተም ብዬ አንድ ጊዜ እሺ ብያለሁ፤ ሁለተኛ የለኝም።

ኮሌጁ «ዳግመኛ ብትሠሪው ምኑን ትለውጫለሽ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በአራቱ ገጽ ላይ የፊደሉን መጠን ከፍ አደርግ ነበር ብዬ መልሻለሁ። ትክክለኛው መልስ አጭር ነው። ቢሮዎ ውስጥ ቀዩ እስክሪብቶ ሲነሣ ወረቀቴን ይዤ እወጣ ነበር።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ በሕይወት ሳሉም በሕይወት መኖርዎን የሚያምንልዎ ጽሕፈት ቤት ይስጥዎ።

የታዘዘችውን ሁሉ አንድ ጊዜ የሠራችው፣
ኢቲሳም ሰዑድ
ሐይቅ

ግልባጭ፦
ለእትዬ ራህመት (ማንበብ ስለማይችሉ ሀዲያ ታነብላቸዋለች)
ለጋሽ ወልዴ (ለማንም እንዲያሰሙት፣ ያለ ጡሩምባ)
ለጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር (ከበሩ ጀርባ)

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ልልከው ስል አንድ ነገር ጨመርኩ። ሾላ ሥር የታጠረው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ሃያ ሦስቱ ጀልባቸውን ፈርመው አወጡ። የአያ ኑርዬ ጀልባ ግን አጥሩ ውስጥ ቀረች፤ ባለቤቷ ሟች ስለሆኑ ወራሽ ቀርቦ፣ ሦስት ምስክር ቆጥሮ፣ የሟች ንብረት መረከቢያ ቅጽ መሙላት አለበት ተባለ። ትናንት ሀዲያ ከውጫሌ መጣች። «አባቴ በሕይወት ስለሌሉ» ከሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። አያ ኑርዬ አጠገቧ ተቀምጠው «አብሽሪ ልጄ፣ ጻፊው፤ ዓሣው ሞቼ እንደሁ አይጠይቀኝም» አሏት፤ ጻፈችው። ጀልባዋ ወጥታለች። ከምስክሮቹ አንደኛው ሙስዓብ ነው፣ ሁለተኛው ጋሽ ወልዴ ናቸው። ሦስተኛ ሰው ጠፍቶ ስለነበር፣ የአያ ኑርዬን መሞት አይቻለሁ ብለው የፈረሙት ራሳቸው አያ ኑርዬ ናቸው፤ ጽሕፈት ቤትዎም ፊርማቸውን ተቀብሎ ማኅተም አድርጎበታል።